አንድ አይጥ፣ ሁለት ኩላሊት

አክስቴ የግፊት ኪኒናቸውን ያቆሙት በአንድ ማክሰኞ ቀን ነው። ጠዋት የላቦራቶሪ ውጤታቸውን ተቀበሉ፤ ከሰዓት በኋላ ቡና ላይ ወረቀቱ ከእጅ ወደ እጅ ዞረ፤ ሲመሽ ኢናላፕሪሉ ከነካርቶኑ መሳቢያ ገባ። ወረቀቱ ላይ ክሬቲኒን የሚባለው ቁጥር ከ1.1 ወደ 1.3 ከፍ ብሎ ነበር። «ኪኒኑ ኩላሊትሽን እየበላው ነው» አለቻቸው ጎረቤታቸው፤ አክስቴም አመኑ። አልፈርድባቸውም። ይህን አባባል ያልሰማ ሰው በከተማችን ያለ አይመስለኝም። ምስክርም አይታጣለትም፤ «እከሌ የግፊት መድኃኒት በጀመረ በሦስተኛ ዓመቱ እጥበት ገባ» የሚል ሰው በየሰርጉና በየለቅሶው ይገኛል። በሌላ በኩል ሐኪሙ «ኩላሊትዎን የሚጠብቅልዎ እኮ እሱ ነው» ይላል። በሽተኛው በሁለቱ መካከል ቆሞ ማንን ይመን?

የእኔ አቋም ጥያቄው ራሱ ጠማማ ነው የሚል ነው። «የግፊት መድኃኒት ኩላሊት ይጎዳል ወይስ አይጎዳም?» ተብሎ ሲጠየቅ ሁለቱም መልስ እውነት ይሆናል፤ ሁለቱም እውነት ስለሆነ ማንንም አይጠቅምም። መጠየቅ ያለበት ደም ወደ ኩላሊቱ እንዴት እየገባ፣ እንዴትስ እየወጣ ነው፣ መድኃኒቱስ የሚነካው የትኛውን በር ነው የሚለው ነው። ይህን ያስተማሩን ደግሞ ውሾች፣ አይጦች፣ በጎችና ድመቶች ናቸው። የጎረቤቲቱም የሐኪሙም ማስረጃ አንድ አይጥ ሆድ ውስጥ፣ በግራና በቀኝ ተቀምጦ ተገኝቷል ብል ማጋነን አይደለም።

የብር መቆንጠጫው

ነገሩ የሚጀምረው መድኃኒት ከመኖሩ በፊት ነው። በአሜሪካዋ ክሊቭላንድ ከተማ ይሠራ የነበረው የፓቶሎጂ ሐኪም ሐሪ ጎልድብላት፣ በግፊት የሞቱ ሰዎችን አስከሬን ሲመረምር የኩላሊታቸው ደም ስሮች ጠበው ያገኝ ነበር። በጊዜው የነበረው እምነት ግፊቱ ደም ስሮቹን አጠበባቸው የሚል ነው። ጎልድብላት ግን ገልብጦ ጠየቀ፤ መጥበቡስ ቢሆን ግፊቱን የወለደው? ከብር የተሠራች ትንሽ መቆንጠጫ አዘጋጅቶ የውሾችን የኩላሊት ደም ስር በከፊል አጠበበ። ግፊታቸው ወጣ፤ ወጥቶም ቀረ። መቆንጠጫውን የጣፊያ ወይም የእግር ደም ስር ላይ ሲያደርገው ግን ምንም አልሆነም። ሥራው የታተመው እ.ኤ.አ. በ1934 ነው። ኩላሊት ደም ያነሰው ሲመስለው የመላ ሰውነቱን ግፊት ከፍ እንደሚያደርግ ከዚያ ወዲህ የሚያጠራጥር አልሆነም። ለዚህ የሚያገለግለውን ሬኒን የተባለ ንጥረ ነገር ቲገርሽቴትና በርግማን የተባሉ ተመራማሪዎች ስቶክሆልም ውስጥ ከጥንቸል ኩላሊት ጨምቀው ያወጡት በ1898 ነበር፤ አርባ ዓመት ለሚጠጋ ጊዜ ግን ዞር ብሎ ያየው አልነበረም። ሬኒን በተራው አንጂዮቴንሲን የተባለውን ደም ስር አጥባቂ ያስነሳል። ይህን ስም አንባቢ ይያዝልኝ፤ አክስቴ መሳቢያ ውስጥ የከተቱት ኪኒን ጠላቱ እሱ ነው።

ከሁሉ በላይ እኔን የሚያስደንቀኝ ሙከራ ግን በ1939 ዊልሰንና ባይሮም የተባሉ ሁለት እንግሊዛውያን ያሳተሙት ነው። በአይጥ ከሁለቱ ኩላሊቶች የአንዱን ብቻ ደም ስር አጠበቡ፤ ሌላውን አልነኩትም። ግፊቱ ወጣ። ቆይተው ሁለቱንም ኩላሊቶች በማይክሮስኮፕ ሲያዩ የተቆነጠጠው ኩላሊት ደም ስሮች ከጉዳት ተርፈዋል። የተበላሸው ማንም ያልነካው፣ ጤነኛ የነበረው ኩላሊት ነው። መቆንጠጫው ለአንዱ እንደ ግድብ ሆኖለት ጎርፉ ሳይደርስበት ቀረ፤ ሌላው ደጁ ክፍት ስለነበር ጎርፉ ገባበት። ያው አይጥ፣ ያው ደም፣ ያው መኖ ነው። ልዩነቱ የደረሰባቸው ግፊት ብቻ ነው።

በ1939 ኢናላፕሪል የለም፤ አምሎዲፒንም የለም። ኩላሊት የሚበላው ግፊቱ ራሱ መሆኑን ያሳየን ምንም ኪኒን ያልቀመሰ አይጥ ነው። «መድኃኒት በጀመረ በሦስተኛ ዓመቱ» የሚለውን ምስክርነት ስሰማ የሚታወሰኝ እሱ ነው። ግፊት ሕመም የለውም፤ ሰው ሳያውቀው አሥር ዓመት ይቆያል፤ ተመርምሮ ኪኒን ሲጀምር ኩላሊቱ ግማሽ መንገድ ሄዶ ሊሆን ይችላል። ይባስ ብሎ የታመመ ኩላሊት ራሱ ግፊት ያወጣል። ስለዚህ ዘግይቶ ከደረሰው መድኃኒትና ቀድሞ ከነበረው በሽታ ጥፋቱ በመድኃኒቱ ይላከካል። እሳት ሊያጠፋ የመጣውን ሰው ባልዲ ስለያዘ ብቻ ቤቱን አቃጠልክ እንደማለት ነው።

መግቢያና መውጫ

ይህን ያህል ብቻ ቢሆን ነገሩ ቀላል ነበር፤ ግፊትን በማንኛውም ኪኒን ማውረድ ይበቃ ነበር። አይጦቹ ግን ሌላም ነገር ነግረውናል። አንድ የሰው ኩላሊት አንድ ሚሊዮን ያህል ጥቃቅን ማጣሪያዎች አሉት፤ የአይጥ ሠላሳ ሺህ ገደማ። እያንዳንዱ ማጣሪያ ደም የሚገባበት አንድ ቀጭን ደም ስር፣ የሚወጣበት ሌላ ቀጭን ደም ስር አለው። መስኖ ያጠጣ ገበሬ ይህን ለማስረዳት ከእኔ ይሻላል፤ ማሳው ውስጥ የሚቆመው ውኃ መጠን በመግቢያው ብቻ አይወሰንም፤ መውጫውን ከደፈኑት ውኃው ከፍ ይላል፣ ከከፈቱት ይጎድላል። አንጂዮቴንሲን አብልጦ የሚያጠበው መውጫውን ነው። እንደ ኢናላፕሪል ያሉት አንጂዮቴንሲን እንዳይፈጠር ያደርጋሉ፤ እንደ ሎሳርታን ያሉት ተሠርቶ ሥራውን እንዳይሠራ ይከለክሉታል፤ በሁለቱም መውጫው ይከፈታል። አምሎዲፒንና መሰሎቹ ደግሞ አብልጠው የሚከፍቱት መግቢያውን ነው። ክንድ ላይ የሚታሰረው መለኪያ ይህን ልዩነት አያይም።

ልዩነቱን ማየት የተቻለው አንድ የአይጥ ዘር በመገኘቱ ነው። ሙኒክ ዊስታር የተባለው ዘር ከማጣሪያዎቹ ጥቂቶቹ ኩላሊቱ ገጽ ላይ ይታያሉ፤ ስለዚህ ከፀጉር የቀጠነ የመስታወት ቱቦ ማጣሪያው ውስጥ ሰክቶ ግፊቱን በቀጥታ መለካት ይቻላል። ባሪ ብሬነርና ባልደረቦቹ በዚህ መንገድ ዓመታት ሠሩ። ከአይጡ ኩላሊት ስድስት እጅ አምስቱን ቆርጠው ሲያነሱ የቀሩት ማጣሪያዎች የተወሰዱትን ሥራ ደርበው ያዙ፤ ውስጣቸው ያለው ግፊት ወጣ፤ ሽንት ውስጥ ፕሮቲን መፍሰስ ጀመረ፤ ማጣሪያዎቹም እየጠነከሩ ጠባሳ ሆኑ። ከዚያ በ1986 የታተመው ሙከራ መጣ። ለአንዱ ቡድን ኢናላፕሪል፣ ለሌላው በጊዜው የተለመዱ ሦስት የግፊት መድኃኒቶች በአንድነት ተሰጡ፤ እነሱም ሬሰርፒን፣ ሃይድራላዚንና ሃይድሮክሎሮታያዛይድ ናቸው። የሁለቱም ቡድን የሰውነት ግፊት ወረደ። ማጣሪያው ውስጥ ያለው ግፊት የወረደው ግን ኢናላፕሪል ላገኙት ብቻ ነው፤ ከፕሮቲን መፍሰስና ከጠባሳ የዳኑትም እነሱ ናቸው። የሌሎቹ ግፊት በመለኪያ አምሮ እየታየ ኩላሊታቸው ግን መበላሸቱን ቀጠለ።

የአክስቴ 1.3 ትርጉም ያለው እዚህ ላይ ነው። መውጫው ሲከፈት ማጣሪያው ውስጥ ያለው ግፊት ይወርዳል፤ ሲወርድ በደቂቃ የሚጣራው ደም በጥቂቱ ይቀንሳል፤ ሲቀንስ ሳይጣራ ደም ውስጥ የሚቀረው ክሬቲኒን በጥቂቱ ከፍ ይላል። ሲጋልብ የከረመ በቅሎ ልጓሙ ሲሳብ ይዘገያል፤ መዘግየቱን አይቶ በቅሎው ታመመ የሚል የለም። የኩላሊት ሐኪሞች እነዚህን መድኃኒቶች ሲጀምሩ ክሬቲኒን እስከ 30 ከመቶ ቢጨምርና እዚያው ቢረጋ በአብዛኛው መድኃኒቱን አያቋርጡም። የአክስቴ ጭማሪ 18 ከመቶ ነው።

የዚህ ግልባጭ በሰው ላይ ታይቷል። አሜሪካ ውስጥ ግፊት ኩላሊታቸውን የጎዳባቸው 1,094 ጥቁር አሜሪካውያን በተሳተፉበት ጥናት፣ በመጀመሪያዎቹ ሦስት ወራት የማጣራት አቅማቸው ከፍ ብሎ የታየው አምሎዲፒን የወሰዱት ነበሩ። ወረቀት አይቶ የሚፈርድ ሰው «ይኸው፣ የተሻለው ይህ ነው» ይል ነበር። ጊዜው ሲረዝም ግን በተለይ ሽንታቸው ውስጥ ፕሮቲን የነበረባቸው ሰዎች አቅማቸው የኢናላፕሪል ዘመድ የሆነውን ራሚፕሪል ከወሰዱት ይልቅ ፈጥኖ አሽቆለቆለ። ይህ ማለት አምሎዲፒን መጥፎ መድኃኒት ነው ማለት አይደለም፤ ፕሮቲን ለማያፈስ ሰው፣ ከሌላውም ጋር ተደርቦ፣ ደህና አድርጎ ያገለግላል። የመጀመሪያዎቹ ወራት ቁጥር ግን መልካም ሲሆንም፣ ክፉ ሲሆንም ብቻውን ዳኛ ሊሆን አይችልም።

ጎረቤቲቱ ያላጣችው እውነት

ወደዚያ አይጥ ልመለስ። ሁለት ኩላሊት ነበረው ብያለሁ፤ እስካሁን የተናገርኩት ስላልተቆነጠጠው ነው። የተቆነጠጠው ኩላሊት የሚገባለት ደም ትንሽ ስለሆነ ማጣራቱን የሚቀጥለው መውጫውን አጥብቆ በመዝጋት ነው። መውጫውን የሚይዝለት ደግሞ አንጂዮቴንሲን ነው። ለዚህ አይጥ እንደ ኢናላፕሪል ያለ መድኃኒት ሲሰጠው የተቆነጠጠው ኩላሊት የማጣራት አቅሙ ይወድቃል። ያንኑ መድኃኒት ያገኘው፣ በዚያው ሆድ ውስጥ ያለው ሌላው ኩላሊት ግን ከጎርፉ ይድናል።

ካፕቶፕሪል የዚህ ቤተሰብ የመጀመሪያው ኪኒን ነው፤ መነሻውም ጃራራካ የተባለ የብራዚል እባብ መርዝ ነው። አሜሪካ ውስጥ ለሽያጭ የተፈቀደው በ1981 ሲሆን፣ ሁለት ዓመት ሳይቆይ፣ በ1983፣ ሐኪሞች የተቆነጠጠውን አይጥ በሰው አካል አገኙት። የሁለቱም ኩላሊታቸው ደም ስር የጠበበባቸው፣ ወይም ያላቸው አንድ ኩላሊት ሆኖ የእሱው ደም ስር የጠበበባቸው በሽተኞች ካፕቶፕሪል ሲወስዱ ኩላሊታቸው ሥራውን አቆመ፤ መድኃኒቱ ሲቋረጥ ተመለሰ። ስለዚህ «ኪኒኑ ኩላሊት ያቆማል» የሚል ሰው ፈጥሮ አላወራም። ስህተቱ ለጥቂቶች የሆነውን ለሁሉም ማድረጉ ላይ ነው።

ደም ስሩ ያልጠበበ ሰውም ለጊዜው የተቆነጠጠውን አይጥ ሊመስል ይችላል። ብርቱ ተቅማጥና ትውከት ሰውነትን ያደርቃል፤ ሽንት የሚያበዛ ኪኒን ከመጠን ሲያልፍም እንዲሁ። ያኔ ወደ ኩላሊት የሚገባው ደም ያንሳል፤ ማጣሪያውም በመውጫው ጥበት ብቻ ይንጠለጠላል። በልብ ድካም የታመሙ ውሾችን የሚያክሙ የእንስሳት ሐኪሞች ይህን ጠንቅቀው ያውቁታል፤ ሽንት የሚያበዛውን ፉሮሴማይድንና ኢናላፕሪልን አንድ ላይ የጀመረ ውሻ ከቀናት በኋላ ደሙ ካልተመረመረ አደጋ አለ። በዚህ ላይ የሕመም ማስታገሻ ሲጨመር ነገሩ ይከፋል። ዳይክሎፌናክና አይቡፕሮፌን መግቢያውን ከፍተው የሚይዙትን ንጥረ ነገሮች ያግዳሉ። መውጫው በአንድ ኪኒን ተከፍቶ፣ መግቢያው በሌላ ተዘግቶ፣ ውኃውም ጎድሎ ሲገናኝ ማሳው ይደርቃል። እንዲህ ያለ ቀን የመጣበት ሰው ኪኒኑን ይቀጥል ወይስ ለጊዜው ያቁም የሚለውን በዚያው ቀን ሐኪሙን መጠየቅ አለበት እንጂ ቀጠሮ መጠበቅ የለበትም።

አክስቴ ጉልበታቸውን በሚያማቸው ሰሞን ዳይክሎፌናክ ከፋርማሲ ገዝተው ይውጣሉ። ያን ቀን ቡና ላይ ስለ ዳይክሎፌናክ አንድ ሰው እንኳ አላነሳም። ሕመም ስለሚያስታግስ ወዳጅ ተብሎ ተቀምጧል፤ ኢናላፕሪል ግን የሚታይ ውለታ ስለሌለው ተጠርጣሪ ሆኗል።

እርግዝናም አለ። በ1980 ላንሴት በተባለው የሕክምና መጽሔት የወጣ የእንስሳት ጥናት፣ ነፍሰ ጡር በጎችና ጥንቸሎች ካፕቶፕሪል ሲሰጣቸው ሞተው የሚወለዱት እንደሚበዙ አሳወቀ። ገና በማኅፀን ያለ ኩላሊት ለመሠራትም ሽንት ለመሥራትም አንጂዮቴንሲን ያስፈልገዋል። የአሜሪካ መድኃኒት ተቆጣጣሪ ጥብቅ ማስጠንቀቂያ በማሸጊያው ላይ እንዲሰፍር ያደረገው በ1992 ነው። በመካከሉ አሥራ ሁለት ዓመት አለፈ። «የእንስሳት ጥናት ለሰው ምን ይፈይዳል» የሚሉ ወዳጆቼ ይህን አሥራ ሁለት ዓመት ቢያስቡት እወዳለሁ።

ሐኪሞቻችንንም እዚህ ላይ ሳልነካ ማለፍ አልፈልግም። «ምንም አይልዎትም፣ ይዋጡት» ብሎ መሸኘት እውነቱን ግማሽ ማድረግ ነው። መድኃኒቱ በተጀመረ ከአንድ እስከ ሁለት ሳምንት ባለው ጊዜ ክሬቲኒንና ፖታሲየም መለካት፣ ቁጥሩ ትንሽ ሊወጣ እንደሚችልም አስቀድሞ መንገር ይገባል። አስቀድሞ የተነገረ ቁጥር አያስደነግጥም። ሳይነገር የመጣ ቁጥር ግን ትርጉም የሚያገኘው ቡና ላይ ነው።

አይጥ ሰው አይደለም፤ ድመትም ውሻ አይደለችም

ተቃራኒውን ወገን በሙሉ ኃይሉ ልስማው። ስድስት እጅ አምስቱ ኩላሊቱ በቢላዋ የተወሰደበት ወጣት አይጥ፣ መድኃኒቱን የሚያገኘው ጉዳቱ ገና ሳይጀምር ነው። የስልሳ ዓመት ሰው፣ ስኳርና ግፊት ለሃያ ዓመት ያደከመው ኩላሊት ይዞ የሚመጣ፣ ከዚህ አይጥ ጋር ምን ያገናኘዋል? ጥያቄው ተገቢ ነው። መልሱ የመጣው በሰው ላይ ከተደረገ ጥናት ነው። በ1993 የታተመውና ከልጅነት ወይም ከወጣትነት የጀመረ የስኳር በሽታ ኩላሊታቸውን የጎዳባቸው 409 ሰዎች የተሳተፉበት ጥናት፣ ክሬቲኒኑ እጥፍ የሆነበት ሰው ካፕቶፕሪል ከወሰዱት 25፣ ካልወሰዱት 43 መሆኑን አሳየ። አይጦቹ የጠቆሙት አቅጣጫ ልክ ነበር። መጠኑ ግን አልነበረም፤ በአይጥ ጉዳቱን እንደ ማስቆም የሆነው በሰው ማዘግየት ብቻ ሆነ።

ድመቶች ደግሞ ትዕቢታችንን ዝቅ ያደርጋሉ። ያረጁ ድመቶች ኩላሊታቸው ሲደክም ግፊት ይይዛቸዋል፤ ብዙውን ጊዜ ወደ እንስሳት ሐኪም የሚወሰዱት አንድ ቀን ድንገት ዓይናቸው ሲጠፋ ነው፤ ግፊቱ የዓይናቸውን የኋላ ግድግዳ ገንጥሎታል። በበሮቹ ሂሳብ ብንሄድ መውጫውን የሚከፍተው መድኃኒት ሊበልጥላቸው ይገባ ነበር። የኢናላፕሪል ዘመድ የሆነው ቤናዜፕሪል ግን የድመትን ግፊት እምብዛም አያወርድም። 192 ድመቶች በተሳተፉበትና በ2006 በታተመ ጥናት በሽንት የሚፈሰውን ፕሮቲን ቀንሷል፤ ዕድሜያቸውን ማርዘሙ ግን በአኃዝ አልተረጋገጠም። የድመትን ግፊት በደንብ በማውረድ የታወቀው አምሎዲፒን ነው፤ መግቢያውን የሚከፍተው፣ የፈራነው መድኃኒት። ከግፊቱ ጋር ፕሮቲኑም ሲወርድ ታይቷል። ውሻ ሲሆን ደግሞ ሐኪሞች አምሎዲፒንን ብቻውን መስጠት አይወዱም፤ አንጂዮቴንሲንን ከሚከለክል መድኃኒት ጋር ያጣምሩታል። ሁለቱም እንስሳት እኛው ቤት፣ አንድ ምንጣፍ ላይ የሚተኙ ናቸው፤ ለኩላሊታቸው የሚስማማው ግን ለየቅል ነው።

ጋምቤላ ያለችው ቀጭኔማ ከዚህ ሁሉ ክርክር ውጭ ናት። ደምን እስከዚያ ረጅም አንገት ጫፍ ለመግፋት የሰውን እጥፍ የሚያህል ግፊት ተሸክማ ትኖራለች፤ ኩላሊቷም ደህና ነው። የኩላሊቷ ሽፋን ጠንካራ፣ ሥጋው ውስጥ ያለው ግፊትም ከፍተኛ በመሆኑ ማጣሪያውን ከውጭ ደግፎ ይይዘዋል። ግፊት ብቻውን ኩላሊት አይበላም፤ የሚበላው ማጣሪያው ግድግዳ ላይ ደግፎ የሚይዘው ሳያገኝ ሲያርፍ ነው።

ታዲያ ፍርዴ ወዴት ያዘነብላል? የድመቷ ነገር የበሮቹን ሂሳብ አያፈርስም፤ ሂሳቡ ብቻውን እንደማይበቃ ግን ያሳያል። ምርጫ ሲገጥመኝ የተቆነጠጠውን ኩላሊት ፈርቼ ያልተቆነጠጠውን ለጎርፍ አልሰጥም፤ ምክንያቱም ግፊት ካለባቸው ሰዎች አብዛኞቹ ሁለተኛውን ዓይነት ኩላሊት የያዙ ናቸው። የመጀመሪያውን ዓይነት የያዙት ጥቂቶች ደግሞ በአንድ የደም ምርመራ ሊጠረጠሩ ይችላሉ። ሳይለኩ መውሰድና ሳይጠይቁ ማቆም ለእኔ አንድ ዓይነት ጥፋት ናቸው፤ ሁለተኛው ግን በአገራችን ብዙ ጊዜ የሚደርስ ይመስለኛል፤ የሚያደርሰው ጉዳትም ዘግይቶ ስለሚመጣ ማንም አይከሰስበትም።

አክስቴ ከአሥራ አንድ ቀን በኋላ ሐኪማቸው ዘንድ ሄዱ። እጃቸው ላይ ሲለካ ግፊታቸው 178 በ104 ነበር። ሐኪሙ ስለ ዳይክሎፌናኩ ጠየቃቸው፤ ስለ ጉልበታቸው የጠየቃቸው የመጀመሪያው ሰው እሱ ነው። ኢናላፕሪሉ ከመሳቢያ ወጣ፤ ዳይክሎፌናኩ ገባ። በሁለተኛው ሳምንት ክሬቲኒናቸው ተለካ፤ 1.3። ወረቀቱን ይዘው ቡና ላይ ተመለሱና ለጎረቤታቸው ዘረጉላት። «አልወረደማ!» አለቻቸው። «አልወጣማ!» አሉ አክስቴ።